ጉሮሮዬን የዘጋ መርዶ

ድምፄ የጠፋው በአንድ እሁድ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ነገሩን አስቂኝም አሳፋሪም ያደረገው ይኸው ነው። ማውራት እችላለሁ። ገበያ ወጥቼ በገብስ ዋጋ መከራከር እችላለሁ፤ ተማሪ መቆጣትማ ከማንም በላይ እችላለሁ። ወረቀት ይዤ ጮክ ብዬ ላነብ ስል ግን ጉሮሮዬ ጥርቅም ይላል። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ላሊበላ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ማንበብ የማይችል የአማርኛ መምህር ምን ተብሎ እንደሚጠራ እስካሁን አላወቅሁም። ተማሪዎቼ ግን አንድ ስም እንዳወጡልኝ እጠረጥራለሁ።

የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። እናቴን አላውቃትም፤ እኔን በወለደች በዓመቷ ሞታለች። ዜማ ተምሬ፣ ዲቁና ተቀብዬ፣ ኋላ ወደ አስኳላ ብሻገርም ድምፄን የሚንቅ አልነበረም። ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ መግለጫውን የማነብ እኔ ነኝ። ሠርግ ላይ ቃል ኪዳኑን የማነብ እኔ ነኝ። ከወታደር ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ሰው ወደ እኔ ይሮጣል። ስለዚህ የጠፋብኝ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ አገሩ የሚያውቀኝ በእሱ ስለነበር ራሴም የጠፋሁ መሰለኝ።

ምክንያቱን አውቅ ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ከቤቴ ቀጥሎ ባለው ባለ ደርብ የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ነበሩ። አንድ ልጃቸውን እኔ ራሴ አስተምሬዋለሁ። ድርቁ አልፎ ዝናብ በተመለሰ በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤ ሲልክ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እቤታቸው ሄጄ አነብላቸዋለሁ። አንብቤ ስጨርስ ምሳ ይቀርባል። እኔ ደግሞ ለብቻዬ የምኖር፣ ሽሮ እንኳ ሳሳርር የምውል ሰው ነኝ። «አንደበትህ ይባረክ፣ ልጄ» ይሉኛል። ያቺን «ልጄ» የምትለዋን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ይዣት እውላለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ማፈር ነበረብኝ፤ አላፍርም ነበር።

አራት ደብዳቤ መጣ። አምስተኛው የመጣው በእኔ ስም ነው። ሐምሌ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና ጋሸና መገንጠያው ላይ ቆሞ ፖስታው በእግረኛ ነው የደረሰን። የጻፈው የልጁ ጓደኛ ነው። ልጁ መሞቱን፣ ከመሞቱ በፊት «ለእናቴ እንዳትጽፍ፤ ለመምህሩ ጻፍ፣ እሱ እንደሚሆን አድርጎ ያስረዳት» ማለቱን ጽፎልኛል። ወረቀቱን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። ያን ቀን ማታ አላለቀስኩም፤ ማልቀስ የእናትየዋ ተራ ነው፣ እሳቸውን ቀድሜ ማልቀስ ስርቆት ነው ብዬ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም። መጀመሪያ ለነፍስ አባት ይነገራል፤ እሳቸው ቀን ይቆርጣሉ፣ ሽማግሌ ይመርጣሉ። ከዚያ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሄዶ ይረዳል። እኔም ደንቡን ተከትዬ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። «አባታችን» የምለው የእኔም የእናትየዋም ንስሐ አባት እሳቸው ስለነበሩ ነው። አዳመጡኝና ጢማቸውን ያዙ።

«ፍልሰታ ሊገባ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በጾም አንጀቷ እንዴት እናርዳት? ትንሽ ይቆይ።»

ፍልሰታ ወጣ። «መስቀል ይለፍ» አሉ። መስቀል አለፈ። «እህሏን ሰብስባ ታስገባ፤ አሁን ብናረዳት ገብሷ ማሳ ላይ ይቀራል።» ገብሱ ገባ። ገና ደረሰ፤ ላሊበላ በገና እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። እናትየዋ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ተሳላሚ እቤታቸው አስገብተው እግር ሲያጥቡ ሰነበቱ። እግር የምታጥብን ሴት ማን ያረዳል? ከገና በኋላ እኔም አልጠየቅኋቸው፣ እሳቸውም አላነሡት። መንገድ ላይ ስንገናኝ መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፣ ተሳልሜው እየተሽቀዳደምን እንለያያለን።

እስከዚህ ድረስ ያለው የባህል ጥፋት ነው፤ ለሁላችን ይከፋፈላል። ከዚህ ወዲያ ያለው የብቻዬ ነው።

ገና ከመድረሱ በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ እናትየዋ መብላት አቆሙ። «ልጄ ዝም አለኝ» ይላሉ። ሕልም ያያሉ፣ ሕልሙን ይፈራሉ። ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ቀረ። አንድ ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ከተማሪ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ፣ «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ» ብዬ ጀመርኩ። ደኅና ነኝ፤ ያስቸገረኝ ብርዱ ብቻ ነው፤ ስለ እኔ አታስቢ። ከሥር የልጁን ስም ጻፍኩ። እሁድ ሄጄ አነበብኩላቸው። ሳቁ። ተነሥተው ምጣድ ጣዱ፤ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው በሉ።

አንዴ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔ አታላዩም ዶሮዋም ሆንኩ። በየሦስት ሳምንቱ መጻፍ ጀመርኩ። እየቆየ ደግሞ ሥራውን ተካንኩት። ለልጁ ሐረርጌ የተወለደ ጓደኛ ፈጠርኩለት። ጥርሱን አሳመምኩት፣ አዳንኩት። ይባስ ብዬ ሃምሳ አለቃ አደረግሁት! የሞተ ሰው ሾምኩ። ያን እሁድ የሠፈሩ ሴቶች ተሰብስበው እልል አሉ፤ እኔም መሀላቸው ቁጭ ብዬ እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ።

እናትየዋ በዚያው ወራት መሠረተ ትምህርት ገቡ። ከሰዓት በኋላ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አዋቂዎችን የማስተምር እኔው ነኝ። ሌላው ሰው ስሙ እንዳይጻፍበት ፈርቶ ይመጣል፤ እሳቸው ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ፊደሉን በጣታቸው አየር ላይ ይጽፋሉ። «የልጄን ደብዳቤ በገዛ ዓይኔ ሳላየው አልሞትም» አሉኝ። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳውን ትኩር ብለው አይተው፣ «የልጄ ጽሕፈት ያንተን ይመስላል፤ አንተ አይደለህ ያስተማርከው» አሉና ፈገግ አሉ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

በማግስቱ እሁድ ነበር፤ ሰባተኛው ደብዳቤ በእጄ ነው። «የሚቀጥለውን እኔው አነበዋለሁ፣ አንተ ታርመኛለህ» አሉኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። «ይድረስ» ልል አፌን ስከፍት የወጣ ነገር የለም። ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ እንደገና ሞከርኩ፤ የለም። «በል ተወው፣ ብርድ መትቶህ ነው» አሉና ወረቀቱን ተቀብለው ሌሎቹን የሚያስቀምጡበት ሙዳይ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ጥሬ እንቁላል አስዋጠኝ። አንዷ ዳማከሴ ጨምቃ በአፍንጫዬ አንቆረቆረች፤ ለሁለት ቀን ማሽተት አቃተኝ፣ ድምፄ ግን ያው ነው። ዓይን ነው ያሉ አሉ፤ ዲቁናውን ትቶ አስኳላ ስለገባ የዜማ ቤት እርግማን ነው ያሉም አሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብዬ ጠላ ጠጥቼ ሞከርኩ። ራሴን አመመኝ እንጂ የወጣ ነገር የለም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እናትየዋ ራሳቸው፣ ተራራው ላይ ካለው ገዳም ድረስ ወጥተው፣ በእንስራ ጠበል ተሸክመው መጡልኝ። በዚያ ዕድሜያቸው። «ጠጣ፣ ልጄ፤ እሱ ይምርሃል» አሉኝ። ጠጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ወደ ጤና ጣቢያው የላከኝ ርዕሰ መምህሩ ነው። ለሕመሜ ማስረጃ አምጣ፣ አለዚያ ሥራ ላይ አሻጥር ፈጽመሃል ተብሎ ይጻፍብሃል አለኝ። ያን ጊዜ አሻጥር የሚባል ቃል ቀላል ቃል አይደለም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ሲስተር ነበረች፤ አዲስ አበባ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለዓመታት የሠራች። ላሊበላ የተመደበችው ለቅጣት ነው ይባል ነበር፤ እሷ «ለዕረፍት ነው» ትላለች። «እርስዎ» ብዬ ብጀምር፣ «አንቺ በለኝ፣ አርባ አልሞላኝም» አለች። በባትሪ ጉሮሮዬን አየች። «ጉሮሮህ ከእኔ ጉሮሮ ይሻላል» ብላ የመድኃኒት ካርቶን ሰጠችኝና አንብብ አለችኝ። ተዘጋ። አልሳቀችም፤ አልደነገጠችምም። ካርቶኑን ከእጄ ተቀብላ ቦታው መለሰችው።

«ረቡዕ ከሰዓት ና» አለች።

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ መምጣትህ ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። ለዚህ ነው እንዴ ተሰልፌ የዋልኩት? ክኒን እንኳ ብትሰጠኝ፣ ሽሮፕ እንኳ ብትሰጠኝ! ረቡዕ ግን ሄድኩ፤ ርዕሰ መምህሩ የጠየቀኝ ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበርና።

ክፍሏ የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበት ነው። በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ሁለት ወንበር አለ፤ የተቀመጡት ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞረው ነው። እሷ ከቦርሳዋ ዳንቴል አወጣችና መሥራት ጀመረች። «እጄ ሥራ ሲይዝ ጆሮዬ ይከፈታል» አለች። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም። መምህር ዝምታ አይወድም፤ ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ አማሁ። ካርዴን ገልጣ ስትጽፍ ሳይ ግን ወሬዬን ቆረጥኩ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ፊት ተቀምጦ ልቡን የሚዘረግፍ ሰው ጤነኛ አይደለም። የተናገርከው ማታውኑ ቀበሌ ሊደርስ ይችላል።

ሳትጠየቅ ካርዱን አዞረችልኝ። «ጉሮሮ» ይላል፤ ሌላ የለበትም። «ሌላ አልጽፍም» አለች። «ከዚህ ክፍል ለቀበሌው ሊቀመንበርም ለቄሱም የሚወጣ ነገር የለም። አላምንሽም ብትለኝ አልቀየምም፤ እኔም አንተን ብሆን አላምንም ነበር።»

በሁለተኛው ረቡዕ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «መጀመሪያ ማንበብ ያቃተህ ወረቀት የትኛው ነው?» ሁሉም ሰው ምን በላህ፣ ማን አየህ፣ የት አደርክ ነው ያለኝ። ይህን የጠየቀኝ የለም። «ስለ ወረቀት ምን አገባሽ!» ብዬ ጮኼ ተነሣሁና በሩን ደርግሜ ወጣሁ። ሦስተኛውን ረቡዕ ቀረሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥያቄዋን ስረግም ዋልኩ።

በአራተኛው ሄድኩ። ዳንቴሉ በጣም አድጎ ነበር። «ሳትኖር ሠራሁት» አለች እንጂ ለምን ቀረህ አላለችኝም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ሁሉንም። አምስተኛውን ደብዳቤ፣ ፍልሰታን፣ ገናን፣ የመጀመሪያውን ውሸት፣ የጥርሱን ሕመም። ሃምሳ አለቃ ማድረጌን ስነግራት እጇ ቆመ። ትስቃለች ወይም ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ከባድ ነው» አለች፣ ሌላ የለም። መልሳ መሥራት ጀመረች። ሁለት ቃል ናት፤ ግን ስምንት ወር ሙሉ ማንም እንዲህ አላለኝም፤ ማንም አያውቅምና። ያን ቀን ከክፍሉ ስወጣ ቀለል አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማሁት ዕድሜዬን ሙሉ ነው፤ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ንስሐ አባት እያለህ ሲስተር ምን ትሠራልሃለች የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ንስሐ የሚያህል የለም። ግን ንስሐ የምገባበት ሰው የነገሩ ተካፋይ ናቸው። «ይቆይ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸው «መቆየቱ ገደለኝ» ማለት እሳቸውን መክሰስ መሰለኝ። ደግሞም ለንስሐ ኃጢአትህ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብህ። እኔ ኃጢአቴ መዋሸት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በአምስተኛው ረቡዕ እንዲህ አለችኝ፣ «ብትነግራቸው ምን ታጣለህ?»

«እሳቸው ናቸው የሚያጡት እንጂ እኔ ምን አጣለሁ?»

«እሳቸውማ አጥተዋል፤ አላወቁም እንጂ። እኔ የጠየቅሁህ ያንተን ነው።»

ቀልዴን ነበር። «የእሁድ ምሳዬን» አልኩ፣ ልስቅም ጀመርኩ። ሳቁ አልወጣ አለ፤ በሳቁ ፈንታ የወጣው ለቅሶ ነው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ፍሪጁን ተደግፌ። ለካ ደብዳቤውን የምጽፈው እንዲበሉ ብቻ አልነበረም። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ» ብዬ መጻፍ ጣፍጦኝ ነበር። በሕይወቴ ጽፌው የማላውቀው ቃል ነው፤ የምጽፍላት አልነበረችኝም። የሞተውን ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መነሣት አልፈለግሁም። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ሲስተር ዳንቴሏን ጭኗ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሄደህ ንገር አላለችኝም። አንድም ቀን እንዲህ አድርግ ብላኝ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር፣ አሁን ግን ከዚያ የበለጠ ውለታ አላውቅም።

ከዚያው ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ከደጃቸው ላይ ዳዊት ይደግማሉ።

«አባቴ፣ መርዶው ይነገር» አልኩ።

«አሁን እኮ ሁዳዴ ነው፣ ልጄ...»

«አባቴ፣ ጾም የሌለበት ወር የለንም!» ብዬ ጮኽኩ። በካህን ላይ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ዳዊታቸውን አጠፉ።

«ይኸውልህ» አሉ፣ «እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ። አንተ ጎረቤቷ ነህ፣ ሆዷን ታውቃለህ፤ ቀኑ ሲደርስ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅህ ነው።»

«እኔ ደግሞ እርስዎ ቀን እስኪቆርጡ ስጠብቅ!»

ተያየን። ስምንት ወር ሙሉ እኔ እሳቸውን፣ እሳቸው እኔን ስንጠብቅ፣ መሀል ላይ አንዲት እናት ልጃቸው በሕይወት ያለ መስሏቸው ካልሲ ይሠሩለታል። ስለ ሰባቱ ደብዳቤ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ፤ «በራሱ እስኪጠራ ግን አንጠብቅም። ነገ ነው።» ቀኖናም ሰጡኝ። ስግደቱ እስከ ፋሲካ ወገቤን ሰብሮታል፤ በዚህ በኩል ሲስተር ትሻላለች።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ነፍስ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ገባን። እናትየዋ እሳት እያያያዙ ነበር። ሽማግሌ በማለዳ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እኛ አገር የለም። እንጨቱ ከእጃቸው ወደቀ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ ነፍስ አባታችን።

«የማንን ነው የምታረዱኝ?» አሉ። ነገሯቸው። እናትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮኹም። «ኧረ ተሳስታችኋል!» አሉ። «ኧረ ልጄ ሃምሳ አለቃ ሆኗል! ሰው ቀላቅላችሁብኝ ነው።» ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ወዳለሁት ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ንገራቸው እንጂ! አንተ አይደለህ ያነበብክልኝ!»

በዚያች ሰዓት ብሮጥ ደስ ባለኝ ነበር። አልሮጥኩም። «እናቴ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ያኔ ጮኹ። ጩኸቱን ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። ለቅሶው ሳምንት ሙሉ ዋለ፤ እኔ ውሃ ቀዳሁ፣ እንጨት ፈለጥኩ፣ ድንኳን ተከልኩ። እናትየዋ አንዴም ቀና ብለው አላዩኝም። በሦስተኛው ቀን ነፍስ አባታችን የልጁ ጓደኛ የጻፈው ደብዳቤ ለለቀስተኛው ይነበብ አሉ፤ ልጁ እንዴት እንደሞተ፣ ምን እንዳለ ሰው ይስማ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዳዊቴ ውስጥ አውጥቼ ዘረጋሁት። አይወጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ወጣ። የዱሮው ያማረ ድምፅ አይደለም፤ ሻካራ ነው፣ ይሰባበራል፤ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ስምንት ወር ያሳደርኩትን እኔም በዚያው አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬ ተዘግቶ አያውቅም።

ረቡዕ ሄጄ ለሲስተር የመድኃኒት ካርቶኑን አነበብኩላት፤ ከነቁጥሩ፣ ከነመመሪያው። ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። አለቀ ብዬ ስነሣ «ረቡዕ ና» አለችኝ። «ድኛለሁ እኮ!» አልኳት። «ጉሮሮህ ድኗል» አለች። ተመላለስኩ፤ ወደ ሌላ አገር እስክትዛወር ድረስ። ስለ እናቴ ያወራሁት፣ ስለማላውቃት፣ ከእሷ ጋር ነው። ሰው ስለማያውቀው ሰው ይህን ያህል የሚያወራው ይኖረዋል ብዬ አላስብም ነበር።

ለቅሶው በተነሣ በአሥራ አምስተኛው ቀን እናትየዋ ሰው ላኩብኝ። ገባሁ። ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙዳዩ ፊታቸው ተከፍቷል፤ ወረቀቶቹ ሁሉ ተዘርግተዋል። ተቀመጥ አላሉኝም። ቆሜ ቀረሁ።

«ለይልኝ» አሉ። «የእሱን ለብቻ፣ ያንተን ለብቻ።»

ተንበርክኬ ለየሁ። አራት የእሱ፣ ሰባት የእኔ። አራቱን ወሰዱ፣ አንድ በአንድ ሳሟቸው፣ በፈተሉት ድር አሰሯቸውና ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ሰባቱን ወደ እኔ ገፉ። ያቃጥሉታል፣ ወይም አቃጥል ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቴ ላይ ቢወረውሩት እንኳ አይፈረድባቸውም።

«የልጄን ስም ከዚህ ላይ ሰርዝልኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «እሱ ያላለውን አላለም። ያልከው አንተ ነህ፤ ያንተን ስም ጻፍበት።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ሰባት ጊዜ የልጁን ስም ሰረዝኩ፤ ሰባት ጊዜ ከሥሩ የራሴን ጻፍኩ። እንደ ተማሪ ፈተና መለስኩላቸው። የመጀመሪያውን አነሡና ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ። ጣታቸውን ከስሜ ሥር አደረጉ። ስሜ አምስት ፊደል ነው። አንዱንም ሳይዘልሉ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠርተው፣ መጨረሻ ላይ ገጥመው አነበቡት። ማንም ሳያግዛቸው ሲያነቡ ያየሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አቤት» አልኩ፣ ሳላስበው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወረቀቱን ሙዳዩ ውስጥ አስቀምጠው ሁለተኛውን አነሡ፤ ጣታቸውን አስደግፈው እንደገና ስሜን አነበቡ። ሰባቱንም እንዲሁ። ሰባት ጊዜ በስሜ ጠሩኝ፤ ሰባቱንም ጊዜ አቤት አልኩ።